ደጫቱን መመንጠር ጎርፉን አያስቀርም

ድሬዳዋን መሐል ለመሐል ስለሚያልፈው ስለ ደጫቱ ወንዝ «ደጫቱ ይጽዳ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከእድር ግሩፕም ከሥራ ግሩፕም ደርሶኛል። ግማሹ ሰው «እውነቱን ነው፣ አንብበው» እያለ ልኮልኛል፤ ግማሹ ደግሞ «አንተ የዛፍ ጠበቃ፣ ለዚህስ ምን መልስ አለህ?» እያለ። ጽሑፉ ጥሩ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለድሬ ተቆርቁረው መነሣታቸውንም አልጠራጠርም። ግን የሚሉት ከተፈጸመ ከተማዋ ለባሰ ጎርፍ ትጋለጣለች ብዬ ስለማምን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። በወንዙ ውስጥና ዳር ያለው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና የወደቀ ግንድ ውሃውን ያግዳል፤ የታገደ ውሃ ደግሞ ሰው ቤት ይገባል። ዛፍ ወንዝን ያበጃል የሚባለው ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስ የውጭ አገር ወንዝ እንጂ እንደ ደጫቱ ላለ የአሸዋ ወንዝ አይሠራም። ሥር ዳርቻን ይሰነጥቃል፤ ዛፍ ሲወድቅም አፈሩን ገንጥሎ ይወድቃል። ስለዚህ መፍትሔው ከተራራው ግርጌ እስከ ከተማው መውጫ የሚዘልቅ ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ ነው። ዳር ዳሩን የበቀለው ሁሉ ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ ስለሆነ የምናጣው ነገር የለም፤ ከክረምቱ በፊት በዘመቻ ይመንጠር።

ሐሳባቸውን ያጣመምኩ አይመስለኝም። እንግዲህ ተራ በተራ እንሂድ።

ጽሑፉ የሚነሣው ከ1998ቱ ጎርፍ ነው። በዚያ ዓመት በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት የወረደው ደራሽ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ጨርሷል፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ አድርጓል። ይህን አቅልሎ የሚያይ የድሬ ልጅ የለም። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነሥተው «ጎርፉ ስንት ግንድ ተሸክሞ እንደመጣ ያየ ሰው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ያውቃል» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው። ግንዱን ጎርፉ አመጣው እንጂ ጎርፉን ግንዱ አላመጣውም። ያ ሁሉ ውሃ የመጣው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የደንገጎ ተራራ ነው። ከዚያ ተነሥቶ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ በአጭር መንገድ ይወርዳል። ተዳፋቱ ሲራቆት ዝናቡን የሚይዝለት አያገኝም፤ ከታች ደግሞ ወንዙ ሲሞላ የሚተኛበት መሬት ላይ ቤት ተሠርቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምርመራው ከላይ መጀመር አለበት።

ዛፍና ግንድ ውሃን ያግዳል ማለታቸው ስሕተት አይደለም። የት ሲያግድ ይጎዳል፣ የት ሲያግድ ይጠቅማል የሚለውን ግን አልጠየቁም።

የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች በሚያገናኘው ድልድይ ሥር ግንድ ሲጠመድ አደጋ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አንድ ግንድ ምሰሶው ላይ አግድም ከተያዘ ቅርንጫፍ፣ ፕላስቲክ፣ ማዳበሪያ ከረጢት እየሰበሰበ ይደፈናል። ውሃው በላይኛው በኩል ይጠራቀማል፤ ከሥር የሾለከው ደግሞ በኃይል እየወረደ የምሰሶውን መሠረት ይቦረቡራል። ቀፊራ ገበያ አጠገብም ወንዙ በግንብ ተይዞ በሚያልፍበት ሆድ መሐል ዛፍ ሊያድግ አይገባም። እዚህ ቦታ ይጽዳ፤ እንዲያውም ከበልጉ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊት አንድ ጊዜ ይጽዳ።

ከከተማው በላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ደራሽ ጎርፍን ገዳይ የሚያደርገው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መድረሱ ነው። ከየሸለቆው የሚወርደው ውሃ ምንም ሳያደናቅፈው ቢንደረደር፣ የአንዱ ሙላት ከሌላው ሙላት ጋር ከተማው በር ላይ ይገናኛል። በየሸለቆው ግንድና ቁጥቋጦ ሲያዘገየው፣ ወደ ዳር ሜዳው ገፍቶ ሲያስተኛው፣ ያው ውሃ በረዘመ ሰዓት ተከፋፍሎ ይደርሳል። በሰሜን እንግሊዝ ፒከሪንግ የምትባል ትንሽ ከተማ ጎርፍ ሲደጋገምባት ከላይ ባሉት ጅረቶች ላይ ሆን ተብሎ ውሃ የሚያሾልክ የግንድ እርከን ተሠርቶላታል። እዚያ የተደረገው እኛ ጋ እንመንጥር የሚባለው ነገር ግልባጭ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በመጣው ከባድ ዝናብ ተፈትኖ የጎርፉን ከፍታ እንደቀነሰ ተመዝግቧል። እርግጥ ፒከሪንግ ድሬዳዋ አይደለችም፤ ዝናቧም እንደኛ ባንድ ሰዓት ዱብ አይልም። ጎርፉ በጣም ሲገዝፍ የግንድ ማዘግየት ድርሻው እንደሚያንስም አልክድም። እንደ 1998ቱ ያለውን ዛፍ ብቻውን ያቆመዋል የሚል ሰው ካለ እኔም እሞግተዋለሁ። ግን በየዓመቱ የሚመጣው መካከለኛው ጎርፍ ነው ዳርቻ የሚንደው፣ አሸዋ የሚያግዘው፣ ወንዙን ቀስ በቀስ የሚያሰፋው።

ከግንድ ማጽዳት በኋላ ወንዝ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሬድ ሪቨር ላይ የሆነውን ማንሣት ይበቃል። በሉዊዚያና ግዛት ይህን ወንዝ ለዘመናት የተከመረ ግንድ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ዘግቶት ነበር። ሄንሪ ሽሪቭ የተባለ የመርከብ ሰው ከ1833 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንፋሎት ጀልባ ግንዱን እየነቀለ አጸዳው። ተመልሶ ተከመረ፤ በመጨረሻ በ1873 ሙሉ በሙሉ ተነሣ። ለመርከብ ጠቀመ፤ በስሙ ሽሪቭፖርት የተባለች ከተማ እስከ ዛሬ አለች። ወንዙ ግን ግንዱ ደግፎ የያዘለትን ከፍታ አጣ። ወለሉን እየቆፈረ ወረደ፤ በግንዱ ምክንያት ተኝተው የነበሩ ሐይቆች ጎደሉ። በዚያ ውሃ ላይ የቆመችው የጀፈርሰን ወደብ ሥራ ፈታች። ግንዱ ለካ የወንዙን ወለልና ዳርቻ ተሸክሞ ኖሯል።

ሁለተኛው ነጥባቸው፣ ማለትም የአሸዋ ወንዝ ሌላ ነው የሚለው፣ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ በዚህ ርእስ ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ዓመቱን ሙሉ ውሃ ካላቸው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወንዞች የተቀዳ ነው። ደጫቱ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ቀን የመኪናና የፍየል መንገድ ነው። ግን የደረቅ አገር ወንዝ ሳይጠና ቀርቶ አይደለም።

በናሚቢያ በረሃ የሚያልፈው ኩይሴብ ልክ እንደ ደጫቱ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚወርድ የአሸዋ ወንዝ ነው። ዳሩን የያዘው ዛፍ በሐረርጌ ገርቢ የምንለው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች እዚያ እንጨቱን ቀለም እየቀቡ ጎርፉ የት እንደሚያደርሰው ተከታትለዋል። በወንዙ ሆድ ውስጥ የቆሙት ገርቢዎች ተንሳፋፊውን እንጨት እየያዙ ይከምሩት ነበር፤ በክምሩ ሥር ደለልና እርጥበት ይቀራል፣ አዲስ ችግኝም ይነሣል። በመካከለኛው አውስትራሊያም እንዲሁ በደረቅ ወንዞች ሆድ ውስጥ የሚበቅሉ ዛፎች ከኋላቸው ደለል እያስቀመጡ ረጃጅም ጉብታ ይሠራሉ። ወንዙም በጉብታዎቹ መሐል በብዙ ጠባብ መስመር ተከፍሎ ይሄዳል።

ይህን ለማየት ናሚቢያ መሄድም አያስፈልግም። ከከተማው የወንዙን ሆድ ይዞ ወደ ደንገጎ አቅጣጫ የወጣ ሰው ከሥሩ ተነቅሎ አሸዋው ላይ የተጋደመ ዛፍ ያጋጥመዋል። አተኛኘቱን ልብ ይበል። ሥሩ ውሃው ወደሚመጣበት፣ ቅርንጫፉ ቁልቁል ዞሮ ነው የሚተኛው፤ ከባዱ ወገን ቀድሞ ወለል ስለሚነካ። ከሥሩ ፊት ለፊት ውሃው ተጋጭቶ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ እርጥበት የሚቆየው እዚያ ነው። ከግንዱ ኋላ ደግሞ በሁለት ጎን የዞረው ውሃ ተዳክሞ የጣለው ደቃቅ አሸዋና ደለል ረዝሞ ተኝቷል። ቁርቁራው፣ የግራሩ ፍሬ፣ የፍየሉ በጠጥ ተጠርጎ የሚጠራቀመው እዚያ ላይ ነው። ከዝናቡ በኋላ ችግኝ ቀና የሚለውም እዚያው ነው፤ ሌላውን ቦታማ የሚቀጥለው ጎርፍ ያጥበዋል። ችግኙ ሁለት ሦስት ክረምት ካለፈው ራሱ ደለል መያዝ ይጀምራል፤ ጉብታው ያድጋል፣ ውሃውም መስመሩን ይለያል። የወደቀው ሁሉ እዚህ አይደርስም፤ ብዙው ይወሰዳል፣ ሌላው ለማገዶ ይሄዳል። የቀረው ግን ሥራ አለው። ደረቅ አገር ውስጥ ግንድ ቶሎ አይበሰብስም፤ ምስጥ ካልደረሰበት ለዓመታት እዚያው ነው።

«ዕፅዋት የወንዝን መልክ ይለውጣሉ የሚለው ግምት ነው» ለሚለው ሐረጋቸው ደግሞ በጠረጴዛ ላይ የታየ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ነው። በትልቅ ገበታ ላይ አሸዋ ተደልድሎ ውሃ ሲለቀቅበት፣ ውሃው እንደ ደጫቱ እየተሰነጣጠቀ፣ እየተጠላለፈ በሰፊው ይሄድ ጀመር። ከዚያ ውሃው ሲቀንስ የአልፋልፋ ዘር እየተዘራ፣ ቡቃያው ሲነሣ እንደገና ጎርፍ እየተለቀቀ ተደጋገመ። አሸዋው ያው፣ የሚለቀቀው ጎርፍም ያው ሆኖ ሳለ ወንዙ ጠበበ፣ ጠለቀ፣ ወደ አንድ መስመር ተሰበሰበ። የለወጠው ለከብት መኖ የምንዘራው ተክል ነው። ድንጋይ የሚያነቡ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ። ዕፅዋት ምድርን ከማልበሳቸው በፊት፣ ማለትም ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበሩት ወንዞች የቀረው ደለል በብዛት የሰፊና የተበታተነ ወንዝ ነው። ዳርቻ ይዞ የሚጠማዘዝ ወንዝ የበዛው ሥር ከመጣ በኋላ ነው። ጭቃው በራሱ የሚጣበቅ በሆነበት ቦታ ያለ ዛፍም የሚጠማዘዝ ወንዝ መኖሩን አልዘነጋሁም። የደጫቱ ዳር ግን በአብዛኛው አሸዋና ኮረት ነው፤ ሥር ካልያዘው ሌላ የሚይዘው የለም።

ወደ ሥሩ እንምጣ። ጸሐፊው ኮንክሪት ስለሚወዱ በኮንክሪት ላስረዳ። ኮንክሪት ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይሰነጠቃል፤ ፌሮ የሚገባበት ለዚህ ነው። አፈርም እንደዚያው ነው፤ ጭነት ይችላል፣ ስበት አይችልም፤ ስበቱን የሚሸከምለት ሥር ነው። በተለይ ጠጉር የሚያህለው ቀጭኑ ሥር፤ ከውፍረቱ ጋር ሲመዛዘን ከወፍራሙ ይበልጥ ይጠነክራል።

ደግሞ ዳርቻ መቼ እንደሚናድ ያስተዋለ ሰው ያውቃል። ብዙ ጊዜ ጎርፉ በሞላበት ሰዓት ሳይሆን ሲጎድል ነው። ሙሉ ሲሆን ውሃው ራሱ ዳርቻውን ደግፎ ይዞታል። ሲጎድል ድጋፉ ይሄዳል፣ አፈሩ ግን ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ይቀራል፤ ያኔ ነው ተገምሶ የሚወርደው። ዛፍ በሌላው ቀን ውሃውን እየመጠጠ ዳርቻውን ያደርቀዋል፣ በዚያች ሰዓት ደግሞ ሥሩ ይይዘዋል። ሥሩ ከተቦረቦረ በኋላ ያዘመመ ትልቅ ዛፍ በክብደቱ ዳርቻውን ሊገነጥለው እንደሚችል አምናለሁ። ሥር የድንጋይ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ግንቡን እንደሚያላቅቅም እውነት ነው። ግንብ ጥግ ዋርካ አይተከልም፤ አበቃ። ግንብ የሌለበትን የዳርቻ ርዝመት ሁሉ በዚህ ምክንያት ማራቆት ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ኮንክሪቱ ቦይ። ከ1998 በኋላ በከተማው ውስጥ የተሠራው መከላከያ ግንብ አስፈላጊ ነበር፤ ይጠገን፣ ይጠናከር። የምቃወመው ያንን ወስዶ እስከ ተራራው ግርጌ ማስረዘሙን ነው። የአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ1938ቱ ጎርፍ በኋላ ወንዟን በኮንክሪት እንደለበጠች ጸሐፊው በምሳሌነት ጠቅሰዋል። እውነት ነው፣ ውሃው ወደ ባሕር በፍጥነት ይወጣል። ግን ያ ባሕር አለው። ደጫቱ ባሕር የለውም፤ ከከተማው ወጥቶ በስተሰሜን ሜዳው ላይ ተዘርግቶ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ቦዩ ያፋጠነውን ውሃ የሚቀበለው እዚያ ያለው ከብት አርቢ ነው። ኮንክሪቱ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ደግሞ ውሃው በሙሉ ኃይሉ ለስላሳ አሸዋ ላይ ይወድቃል፤ ቁፋሮው ከዚያ ጀምሮ ወደ ኋላ ወደ ቦዩ ራሱ ይመለሳል። ከላይ የሚታገዘው አሸዋና ኮረትም ኮንክሪት ስለተነጠፈ አይቀርም። ተዳፋቱ ረገብ የሚልበት ቦታ፣ ማለትም ከተማው ውስጥ፣ ይተኛል፤ ቦዩ በደለል ሲሞላ ጥልቀቱ ይጠፋል። የጠራጊ ማሽን ወጪ ስንት ነው የሚለውን ለባለሙያ ልተወው። ሌላም አለ፤ ድሬ የምትጠጣው የሳቢያንን ጉድጓዶች ጨምሮ ከከርሰ ምድር ነው። በአሸዋው ሆድ እየሰረገ የሚወርደው ጎርፍ ለዚያ ውሃ ግብር ያገባል፤ ኮንክሪት ይህን በር ይዘጋል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው ነገር ቢኖር አሸዋ ቁፋሮው ነው። ሲኖትራክ በየቀኑ ከወንዙ ሆድ አሸዋ ጭኖ ይወጣል። ወለሉ በወረደ ቁጥር ዳርቻው ይረዝማል፣ የግንቡና የድልድዩ መሠረት ይጋለጣል፤ በደህናው ጊዜ ወለሉን ይይዝ የነበረ ሥርም አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ ዛፉ ሲወድቅ «ዛፍ ዳርቻ ይዞ ይወድቃል» እንላለን። ስለ ጎርፍ ያን ያህል የተጨነቀ ጽሑፍ ስለ አሸዋ አንድ መስመር አለመጻፉ ገርሞኛል።

የቀረው ፕሮሶፒስ ነው። እዚህ ጠላታችን አንድ ነው። ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ወራሪ ነው፤ በአፋር የግጦሹን መሬት ምን እንዳደረገው የታወቀ ነው፣ በድሬ ዙሪያም ተስፋፍቷል። ዳር ላይ ያለው ሁሉ ግን እሱ አይደለም፤ ገርቢ አለ፣ ሾላ አለ፣ ሮቃ አለ፣ ቁርቁራ አለ። በዘመቻ ሁሉንም መመንጠር ለማን እንደሚመች ደግሞ ማሰብ ጥሩ ነው። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቅርንጫፍ ሆኖ ይመለሳል። ዘሩ በከብትና በፍየል ሆድ አልፎ በበጠጥና በፋንድያ፣ ወይም በጎርፍ ይሰራጫል። ከሁሉ በላይ የሚወደው ጥላ የሌለው፣ የተቆፋፈረ፣ ባዶ መሬት ነው። ገርቢውን ከፕሮሶፒሱ ጋር አብረን ካነሣን በሁለተኛው ክረምት የምናገኘው ንጹሕ ዳርቻ ሳይሆን ፕሮሶፒስ ብቻ ያለበት ዳርቻ ነው።

ዘመቻው የማይቀር ከሆነ በዚህ መንገድ ይሁን። ከድልድዮቹ ይጀመር፤ የተጠመደው ሁሉ ይነሣ፣ የተነሣውም ግንድ ወንዙ ዳር ተከምሮ አይተው፣ የሚቀጥለው ጎርፍ መልሶ ያመጣዋልና። ፕሮሶፒሱ በመጥረቢያ ከላይ አይቆረጥ፤ ቡቃያ የሚያወጣው አንገቱ ከአፈር በታች ስለሆነ በዶማ ተቆፍሮ ከዚያ በታች ይበጠስ። የገርቢና የቁርቁራ ችግኝ ያለበት ምልክት ይደረግበትና ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ ይታጠር። ከከተማው በላይ የተጋደመው ግንድ ደግሞ እዚያው ይቆይ።